የብሎኗ ቀይ ምልክት

ሰሞኑን አውቶቡስ ተራ ጋ መንገድ ስሻገር አንድ ያረጀ መኪና እያሳለ መጥቶ አጠገቤ ቆመና ያልተቃጠለ የቤንዚን ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ያን ጊዜ፣ ልክ እንደ ልጅነቴ፣ «አሁን ደግሞ ማን ነካካት?» አልኩ።

ቤታችን እዚያው አካባቢ፣ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ነበር። አባቴና የእናቴ ታናሽ ወንድም ሽመልስ አንዲት ሰማያዊና ነጭ ታክሲ በጋራ ይሠሩባት ነበር፤ ጠዋት ሽመልስ፣ ከሰዓት አባቴ። ችግሩ ካርቡራተሯ ነበረች። ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉባት ይህች ዕቃ ጎኗ ላይ ትንሽ ብሎን አለቻት፤ ሲያጠብቋት ቤንዚኑ ይቀንሳል፣ ሲያላሏት ይጨምራል። አባቴ ቆጣቢ ነውና ያጠብቃታል፣ ሽመልስ ዳገት ላይ መኪና መለመን ሞቱ ነውና ያላላታል። አባቴ ይባስ ብሎ በእናቴ ቀይ የጥፍር ቀለም እሱ የሚፈልጋትን ቦታ ምልክት አደረገባት።

በበጋ ነገሩ በቀልድ ያልፍ ነበር። ሽመልስ ለምሳ ሲገባ አባቴ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ካቻቢቴውን ይዞ፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ ሩብ ዙር ያጠብቅና ደግሞ አላምን ብሎ እሳት የምትጭረውን ካንዴላዋን ፈትቶ ያያል፤ ጥላሸት ለብሳ ካገኛት «ይኸው! ቤንዚን አጠጥቷት ነው የዋለው!» እያለ ግቢውን ያዞራታል። ሽመልስም ከምሳው ቀና ብሎ «ጋሼ፣ በውኃ የምትሄድ ብትሆንልዎ እኮ በወደዱ» ይለው ነበር። እኔ እስቃለሁ፣ ግን ጉርሻው አይወርድልኝም። ሽመልስ ፀጉሬን እየጎተተ የሚያስቀኝ፣ ለእኔ ከአጎት ይልቅ ታላቅ ወንድም ነበርና አንድ ቀን ተናዶ ክፍሉን ቆልፎ ይሄዳል ብዬ እፈራ ነበር።

ክረምት ሲገባ ቀልዱም ያበቃል። አባቴ አጥብቋት ያደረች መኪና በብርዱ አልነሳ ትልና ሽመልስ በዝናብ እየገፋ ያስነሳታል፤ እናቴ በባሏና በወንድሟ መካከል ቆማ «እናንተ ሰዎች፣ ይቺን ብሎን አንድ ቀን ነቅዬ ሽንት ቤት ነው የምጨምራት!» ትል ነበር። እኔም ከክፍሌ ሆኜ የሞተሩን ድምፅ እያዳመጥኩ የቀኑን ፀብ አስቀድሜ አውቅ ነበር።

በጥቅምት ሽመልስ ለሚወዳት ልጅ ሽማግሌ ተላከ። የልጅቷ ቤት ሽሮ ሜዳ ነው፣ መንገዱ ዳገት ነው። አባቷ ጥብቅ ሰው ናቸው ስለተባለ አባቴ ጎረቤታችንን ሐጂን ጨምሮ ሦስት ሽማግሌዎችን ሊወስድ ተዘጋጀ። ሽመልስ ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ ጠዋት መኪናዋን ሲያጥብ «ጋሼ፣ በእናትዎ፣ ዛሬን ብቻ አይንኳት» አለው። አባቴም «እሺ፣ አልነካትም» አለ።

ነካት። ሊወጡ ሲሉ ኮፈኑን ከፍ አድርጎ «ትንሽ ብቻ» ብሎ ሲያጠብቅ እናቴ በመስኮት አይታዋለች፤ ሽመልስ ግን አላየም።

እኔና ሽመልስ በር ላይ ሆነን ጠበቅን። እሱ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ሰባተኛን በሚያልፍ መኪና ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። ቀኑ ሲያጋድል አራቱም በእግራቸው መጡ። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸው በቅባት ተለቅልቆ፣ ሁሉም ላብ በላብ ሆነው። ዳገቱ ላይ ሞታባቸው ሲገፉ ውለው፣ እዚያው ትተዋት፣ ዘግይተው ሲደርሱ የልጅቷ አባት እጃቸውን አይተው «አንዲት መኪና ያላስተካከላችሁ ትዳር ልታስተካክሉ?» ብለው መልሰዋቸዋል። ቀጠሮ እንኳ አልሰጧቸውም።

ሽመልስ አልጮኸም። «ጋሼ፣ ነክተዋታል?» ብቻ አለ። አባቴ መሬት መሬት አየ። በማግስቱ ሽመልስ ልብሱን ሰብስቦ ሐዋሳ ሄደ። ልጅቷን ከዓመት በኋላ አገባት፤ ሽማግሌዎቹን ራሱ መርጦ ሲልክ አባቴ ግን አልተጠራም። በሠርጉ ላይ እንደ እንግዳ ጥግ ተቀምጦ ሳየው አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት በጋዎችና ክረምቶች አባቴ ኮፈን ሲከፍት ዘይት ብቻ አይቶ፣ ብሎኗን ሳይነካ ይዘጋው ነበር። ለምን እንደሆነ ያወቅሁት ሽመልስ ለፋሲካ ልጁን ይዞ በመጣ ጊዜ ነው። ቤት ሳይገባ ወደ መኪናዋ ሄዶ ኮፈኑን አነሳ፤ እኔም ተከተልኩት። አሮጌው ቀይ ምልክት ተፍቆ አዲስ ተቀብቷል፣ ሽመልስ በሚወደው፣ በላላው ቦታ ላይ።

ሽመልስ ምልክቷን በጣቱ ዳብሶ «ጋሼ፣ ቤንዚን ትጨርሳለች እኮ» አለ።

«ትጨርስ» አለ አባቴ፣ ወደ ሌላ እያየ። ከዚያ ገብተን ፋሲካውን በላን፤ የዚያን ቀን ጉርሻው ወረደልኝ።

ዛሬ የምነዳት መኪና ቤንዚንና አየሯን ራሷ ትመጥናለች፣ ጠዋት በአንድ ጣት ትነሳለች፣ ሽሮ ሜዳን ሳታቃስት ትወጣለች፤ የቤቴ ሰዎችም ስለ እሷ ተጣልተው አያውቁም። ጥሩ ነው። ብቻ ከባለቤቴ ጋር ተኳርፈን ባደርንበት ጠዋት ኮፈኗን ከፍቼ እቆማለሁ፤ ሁሉም በጥቁር ፕላስቲክ ተሸፍኗል፣ ይቅርታ የምልባት ብሎን የለችም፣ ስለዚህ ዘግቼ ወደ ቤት እመለሳለሁ፣ በአፌ ልናገረው።