ብዙነሽ በሰው ሻወር ቤት

ብዙነሽ ሻወር ቤት ኖሯት አያውቅም። ገላዋን የምትታጠበው ልጆቿን ከቤት አስወጥታ፣ ከበር ኋላ፣ በባልዲ ነው። እንዲያም ሆኖ በ2013 ሐምሌ፣ ሰው ሁሉ ስለ ጦርነቱ ሲያወራ፣ በመርሳ ስለ ሻወር ቤት ሲሊኮን፣ ውሃ እንዳይሰርግ ዳር ዳሩን ስለሚለጠፈው ማሸጊያ፣ የምትጨነቀው እሷ ብቻ ነበረች። ሻወሩም የሷ ሳይሆን ግድግዳ የምትጋራቸው የእትዬ ዘይነባ አልጋ ቤት ነው።

ብዙነሽ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ማንጎ ትሸጣለች። ማንጎ ግን ልጅ አያጠግብም፤ የክረምት ቀለቧ ግራና ከሚባለው ቀበሌ፣ ከእናቷ መሬት የደረሳት ማሽላ ነው። ከቆቦ የሸሸው ሰው መጉረፍ ሲጀምር፣ ሬዲዮው ሁሉም ነገር በቁጥጥር ሥር ነው አለ። ብዙነሽ ይህን እንደሰማች አልጋዋ ሥር፣ ግድግዳው ጥግ ጉድጓድ ቆፍራ ሁለቱን ኬሻ ማሽላ ቀበረች። ለማንም አልተናገረችም።

የሸሸው ሰው እትዬ ዘይነባ ቤት ሞላ፤ የመንገዱን ጭቃ ሊያጥብ ለሻወሩ ወረፋ ያዘ። ብዙም ሳይቆይ የብዙነሽ ግድግዳ ከሥሩ ረጠበ።

«እትዬ ዘይነባ፣ የሻወሩ ሲሊኮን አርጅቶ እንደሆን… ቢያስቀይሩት?»

«ብዙዬ፣ መድፍ እየተሰማ አንቺ ሲሊኮን ትያለሽ?»

«ግድግዳዬ ረጠበብኝ።»

«ወላሂ ግድግዳሽ ታድሏል። የኛ አንጀት ደርቋል።»

በማግስቱ ብዙነሽ ጠጋኙን ኑርሁሴንን ራሷ ይዛው መጣች። ኑርሁሴን ሻወሩ ሥር ያለውን፣ ሰው ቆሞ የሚታጠብበትን ነጭ ገንዳ ዳር ዳሩን በጥፍሩ ፋቅ አደረገ።

«ይሄ አዲስ ሲሊኮን ነው። አሮጌው ሳይነሳ ላዩ ላይ ተለጥፏል። እንዲህ አይዝም። ማን ሠራው?»

«እኔ» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«ገንዳውም ተነስቶ ነበር።»

«አልተነሳም።»

«እትዬ፣ ተነስቷል።»

«እንግዲህ ተወው። የሚመጡት ያስጠግኑት።»

ብዙነሽ ሁሌም አንገቷን ደፍታ ነው የምታወራው። አሁንም አንገቷን እንደደፋች፣ «ማሽላዬ እዚህ ግድግዳ ሥር ነው የተቀበረው» አለች። ኑርሁሴን ሰማ። ሳሙና ይዛ ተራ የምትጠብቀው የቆቦዋ ሴትም ሰማች። ምስጢር የሚጠበቀው እንዲህ ነው።

እትዬ ዘይነባ ባልዲ ደፍተው ተቀመጡበት። «የሱቄ ስኳር ገንዳው ሥር ነው» አሉ።

ማንም ፈታሽ ሻወር ሥር ስኳር አይፈልግም ብለው ነበር። እውነት አላቸው። ስኳሩን ሻወር ሥር የሚያኖር ሰው ከሳቸው በፊት መቼ ተገኘና።

ኑርሁሴን አሮጌውንም አዲሱንም ሲሊኮን በምላጭ ልጦ ገንዳውን አነሳ። ኬሻው አለ። ስኳሩ ግን በውሃው ሟሙቶ ከመርሳ ሰው ሁሉ ቀድሞ ተሰዷል። የሄደበትን ለማወቅ የብዙነሽን ጉድጓድ መክፈት ነበረባቸው። ግድግዳው ሥር ባለው ኬሻ ያለው ማሽላ በቅሎ ተጣብቋል፤ ሌላው ግን ደረቅ ነው። እትዬ ዘይነባ ከበቀለው አንድ ፍሬ ቀመሱ።

«ጣፍጧል። እንግዲህ ግማሹ የኔ ነው።»

ብዙነሽ ሳቀች። ወዲያው ግን ደረቁን ኬሻ አቀፈችና፣ «ይሄን ደግሞ የት ልቅበረው?» አለች።

«እኛ ቤት ፈታሾቹ መጀመሪያ የቆፈሩት አልጋ ሥር ነው» አለች የቆቦዋ ሴት። «በየእጃችን የያዝነው ስንቅ ግን አልተነካም።»

ኑርሁሴን ሲሊኮኑን ደህና አድርጎ ሲሠራ፣ እስኪደርቅ አንድ ቀን ውሃ እንዳይነካው አስጠነቀቀ። የከተማው ውሃ በዚያው ምሽት ተቋረጠ። በመርሳ እንደዚያ አምሮለት የደረቀ ሲሊኮን የለም።

ብዙነሽም ደረቁን ማሽላ በጣሳ እየሰፈረች በአልጋ ቤቱ ለተጠለሉት ሁሉ አከፋፈለች። የማንም ከረጢት ቢፈተሽ የመንገድ ስንቅ ይመስላል። ነገሩ ሲረጋጋ ሊመልሱላት ቃል ገቡ።

«ብንበላውስ?» አለች የቆቦዋ ሴት፣ ከረጢቷን ዘርግታ።

«ፈታሽ ከሚወስደው እናንተ ብትበሉት ይሻለኛል» አለች ብዙነሽ። ከልቧ አልነበረም። ቢሆንም አንድ ጣሳ ሞልታ ሰፈረችላት።