ለአንድ ጊታር ብለን ሰፈሩን ለለቅሶ ጠራነው

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ግንቦት፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በትምህርት ቤታችን የወላጆች በዓል ቀን ነው። ልርሳው ብልም አልችልም፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዳቦ ልገዛ ስሰለፍ እንኳ የሚያስታውሰኝ ሰው አይጠፋም። ሌላው አጣሞ ከሚያወራው እኔው ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። የአማርኛ መምህራችን በቅርቡ «አንቺ ልጅ መጻፍ ትችያለሽ» ስላሉኝ፣ ጥፋት ካለ የእሳቸውም ነው።

ነገሩ የጀመረው ባሕር ዳር የሚኖረው አጎቴ የኤሌክትሪክ ጊታሩን የሰጠኝ ጊዜ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምራሉ። የኤሌክትሪክ ጊታር መሪጌታ ቤት ሲገባ ምን ዓይነት እልልታ እንደሚቀበለው ገምቱት። አባባ ግን አልተቆጡም። ጊታሩን ገልበጥ አድርገው አዩና፣

«በበዓሉ ቀን መጥቼ እሰማሻለሁ» አሉኝ። «ለጆሮ የሚሆን ከሆነ ይቆይልሽ። መሳቂያ ካደረግሽን ግን በማግስቱ ለአጎትሽ ይመለሳል።»

እማዬ የምትፈራው ሌላ ነው። «ይኼ ሽቦ አንድ ቀን ይገድልሻል» ትላለች፤ በሰካሁት ቁጥር ታማትባለች።

የሙዚቃ ክበባችን ለበዓሉ ሦስት ሥራ ያዘ። አንዱ ቀስ ያለ ትዝታ ነው፤ ጊታሩ ጥርት፣ ልስልስ ማለት አለበት። ሁለተኛው የእስክስታ ነው፤ ወፈር ያለ፣ ሞቅ ያለ ድምፅ ይፈልጋል። ሦስተኛው ራሳችን የደረስነው «ዘመናዊ» ነው፤ እዚህ ላይ ጊታሩ እንደ ተናደደ ሰው እንዲያጉረመርም ተወሰነ። የወሰነው አብርሃም ነው። አብርሃም ኪቦርድ ይጫወታል። አንድ ጊዜ የአክስቱን ሬዲዮ ፈትቶ ስለ ገጠመ «ኢንጂነር» እንለዋለን። ሲገጥም የተረፉት ሁለት ብሎኖች ማዕረጉን አልቀነሱበትም።

ያለን አምፕሊፋየር አንድ ብቻ ነው። ትንሽ ጥቁር ሳጥን፤ የድምፅ መጨመሪያዋ መያዣ ወልቆ የቀረችው ብረት በፒንሳ ነው የምትዞረው። ጤነኛ ሰው ቢሆን በዚያችው ሳጥን ከፍ ዝቅ እያደረገ ይሞክር ነበር። እኛ ግን የተማርን ነንና ስብሰባ ጠራን።

ኢንጂነር ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሦስት ሳጥን ሣለ። «ስሙኝ፤ ትልልቅ ባንዶች በአንድ አምፕሊፋየር አይጫወቱም። ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ አለው።»

«አንተ ደግሞ የትኛውን ትልቅ ባንድ አይተህ ነው?» አልኩት።

«ፎቶ አይቻለሁ።»

ፎቶ ላየ ሰው ምን ይባላል?

ስለዚህ ለጥርት ያለው ድምፅ የትምህርት ቤቱ አምፕሊፋየር ተመደበ። ለወፍራሙ የኢንጂነር ወንድም ካሴት ቤት ያለው ትልቁ ቴፕ፣ ጊታሬ በማይኩ ቀዳዳ እየተሰካ። ለማጉረምረሚያው ደግሞ የሰፈራችን ዕድር ድምፅ ማጉያ። ዕድራችን ከጡሩንባ ወደ ሥልጣኔ ከተሸጋገረ ገና ዓመት አልሞላውም። ሰው ሲሞት ጡሩንባ ነፊያችን ጋሽ ሙላቱ ያንን አፉን የከፈተ ዕቃ ተሸክመው በየመንገዱ ይለፍፋሉ። ድምፁ ስንጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ የሟቹን ስም ለይቶ የሰማ የለም፤ ከቤት ወጥተን እርስ በርስ ነው የምንጠያየቀው። ኢንጂነር የወደደው ይህንኑ መሰነጣጠቁን ነው።

ልዋስ የሄድኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ሙላቱ «ውሰጂው፤ ሰው ካልሞተ ሥራ ፈቶ ነው የሚውል» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ እሱ ሲጮኽ ሰፈሩ ያውቀዋል።»

እኔ ዕቃውን የሚያሞግሱ መስሎኝ «በጣም ጥሩ ነዋ!» አልኳቸው።

ሦስቱን ከጊታሬ የሚያገናኘው የኢንጂነር ፈጠራ ነው፤ ጣውላ ላይ የተመቱ ሦስት የቤት መብራት ማብሪያና ማጥፊያዎች። አንዱን አጠፋለሁ፣ ሌላውን አበራለሁ፣ ድምፄ ይለወጣል። እማዬ ስታየው ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

በበዓሉ ጠዋት ስንሞክር የዕድሩ ማጉያ ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት ለቀቀ። ኢንጂነር «ከጊታሩ ብናርቀው ይተዋል» አለና ከአዳራሹ አውጥቶ ከጀርባ በኩል መስኮቱ ፍርግርግ ላይ አሰረው። አፉን ወደ ሰፈራችን አዙሮ። እውነትም ፉጨቱ ቆመ። ጊታሩን መልሰን ሳንሞክር ተጨባበጥን።

አዳራሹ ሞላ። አባባ ጋቢያቸውን ለብሰው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ሙላቱ ዕቃ አዋሽ ናቸውና የክብር እንግዳ ተብለው ከፊት ተቀመጡ። እማዬ «ሽቦው ሲገድልሽ ቆሜ አላይም» ብላ ቤት ቀረች።

ትዝታው ሰመረ። የአባባ ጣት ጉልበታቸው ላይ ምቱን ሲከተል በዓይኔ አየሁ። እስክስታው የባሰ ሰመረ፤ የሒሳብ መምህራችን ሳይቀሩ ትከሻቸውን መግታት አቃታቸው። ጊታሩ የእኔ ሊሆን አንድ ዘፈን ብቻ ቀረው።

ሦስተኛውን ማብሪያ ተጫንኩና ገመዶቹን መታኋቸው። አዳራሹ ውስጥ ምንም የለም። ጣቶቼ ይሯሯጣሉ፣ የሚሰማው ግን ከበሮውና ኪቦርዱ ብቻ ነው። ያ ሁሉ የለፋንበት ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ ለሰፈሩ እያጓራ ነው። ኢንጂነር «ጨምሪ! ጨምሪ!» ይለኛል። እኔም ታዛዥ ልጅ ነኝ፤ ጨመርኩ።

መጀመሪያ የሰሙት ጋሽ ሙላቱ ናቸው። በልማድ ብድግ ብለው ኮፍያቸውን አነሡና «ኧረ ማን ሞተብን?» አሉ። ዕቃውን ያዋሱን እኮ ራሳቸው ናቸው!

ዘፈኑ ሳያልቅ በሩ ተበረገደ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ጋቢ የተከናነቡ ወንዶች ተግተልትለው ገቡ። ዕድራችን ከለቅሶ የቀረን ይቀጣልና ማንም አልቀረም። ጥሪው ከትምህርት ቤቱ በኩል ስለ መጣ ተማሪ ሞተ ብለዋል። ከሁሉ ፊት እትዬ ባፈና ናቸው፤ ለቅሶ ቤት ቀድመው በመድረስ የሚታወቁ ጎረቤታችን። ደረታቸውን እየደቁ ነው። ለማን እንደሆነ አያውቁም፤ እሱ በኋላ ይጣራል።

ከኋላቸው እማዬ። አንድ እግሯ ላይ ብቻ ጫማ አለ። «ልጄን! ያ ሽቦ በላብኝ! ብዬ ነበር፣ ብዬ ነበር!» እያለች ስሜን ትጠራለች። እኔ ጊታሬን እንዳነገትኩ መድረክ ላይ ተገትሬያለሁ። ማይክራፎኑን ቀማሁና፣

«እማዬ፣ አልሞትኩም!» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። መድረኩ ላይ እንዴት እንደ ወጣች አላውቅም፤ አቀፈችኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሰች። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ወዲያው ግን ጆሮዬን ይዛ ቆነጠጠችኝና ሁለታችንም ወደ ራሳችን ተመለስን።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «መሳቂያ ካደረግሽን» ያሉት ትዝ አለኝና ወደ አባባ አየሁ። ጊታሬ አውቶቡስ ላይ ተጭኖ ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ ታየኝ። አባባ ተነሡ።

«የሞተ የለም» አሉ። «የጮኸችው የእኔ ልጅ ናት።»

እትዬ ባፈና ቅር አላቸው። «ታዲያ መሪጌታ፣ ይህን ሁሉ ያለቀስኩት በከንቱ ነው?»

አባባ «ከመጣችሁማ አረፍ በሉ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶሻል፤ እኛ አልሰማንሽም። ድገሚው።»

በምን ልድገመው? ጋሽ ሙላቱ ሮጠው የማጉያውን ሽቦ ነቅለውታል። ቴፑንም ሲገቡ የነበሩት ለቀስተኞች ገፍተው ጥለውታል። የቀረችኝ ያች ትንሽ ሳጥን ናት። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ እንድትሰማ ብዬ በፒንሳ እስከ መጨረሻው አዞርኳትና መታሁ።

አጉረመረመች! ከአቅሟ በላይ ስትጠየቅ ድምፅዋ ተሰነጠቀና፣ ስብሰባ የተጠራበት፣ ሰፈሩ ለለቅሶ የወጣበት ያ ድምፅ ቁጭ አለ። በኋላ ሳየው ዝቅ ስትል ጥርት ትላለች፣ መሃል ላይ ትወፍራለች። ሦስቱም እዚያችው ውስጥ ነበሩ። ኢንጂነርን ፈልጌ አየሁት፤ እሱ ጣሪያውን ያጠናል።

ለቀስተኞቹ አጨበጨቡልኝ። ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ትከሻቸውን የሞከሩም ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ቀድመው በመድረስ ይታወቃሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባባ ከፊት ከፊት ሄዱ፤ እማዬ ክንዴን አለቀቀችም። በራችን ላይ ስንደርስ አላስቻለኝም።

«አባባ፣ ነገ ለአጎቴ ልላከው?»

«መሳቂያ አድርገሽናል» አሉ። «የመጨረሻው ዘፈንሽም የታመመ በሬ ይመስላል።» በሩን ከፈቱና፣ «ግን እናትሽ ስትጮኽ፣ ሰው ሲስቅ፣ ቆመሽ ጨረስሽው። ይቆይልሽ።»

«ያ ማብሪያ ማጥፊያ ግን ይጣላል!» አለች እማዬ። ተጣለ።

አሁን አሥረኛ ክፍል ነኝ። ኢንጂነር ዘንድሮ ባለ አራት አምፕሊፋየር ዕቅድ ይዞ መጥቷል፤ አንድ ዓመት ሙሉ አስቦበታል፣ እግዜር ይስጠው። እኔ መጀመሪያ ሰው ሲስቅብኝ እሸማቀቅ ነበር፤ አሁን አብሬ እስቃለሁ። ደግሞም እናቴ እኔን ብታጣ ምን እንደምትሆን አንዴ ስላየሁ፣ ስትቆጣኝ እንደ በፊቱ አላኮርፋትም።

በዚህ አገር ጊታር የሚጫወት ሞልቷል። በቁሟ ተለቅሶላት በማግስቱ ጊታሯን የቃኘች ግን ከእኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም።