ከመቀነቱ ሥር አንድ መዳፍ

ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ሁለት የፈጠራ መብት ምስክር ወረቀቶች ተሰቅለዋል። እንግዳ ሲመጣ እነሱን ያነብና «ማሽኑስ የታለ?» ይለኛል። መሳቢያዬን ከፍቼ መቀነት አወጣለሁ። የአንዳንዱ ፊት ሲጠወልግ ማየት፣ ክፋት ይሁንብኝና፣ ደስ ይለኛል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ጎንደር ተምሬ፣ ወገል ጤና ከተማ በጠቅላላ ሐኪምነት ሠርቼ፣ ስፔሻሊቲዬን አዲስ አበባ ጨርሼ ላሊበላ ገባሁ። ቀዶ ሐኪም ብሆን ኖሮ ሥራዬን ለማስረዳት አልቸገርም ነበር፤ ቆርጦ የሚያወጣ ሰው ሥራው ይታያል። የኔ ግን ጠይቆ ማዳመጥ፣ ሆድ መዳሰስ፣ ኪኒን መጨመርና መቀነስ ነው። ኮን ከተማ ትኖር የነበረችው እናቴ ለጎረቤቶቿ በአጭሩ ትጨርሰው ነበር። «ልጄ ሰው ውስጡ የደበቀውን ነው የምታየው» ትላቸዋለች። ይህን የሰሙ ሴቶች እኔ ስመጣ ነጠላቸውን ጠበቅ ያደርጉ ነበር።

የመቀነቱ ነገር የመጣው ከእሷው ነው። ልቧ ደካማ ነበር። ልብ ሲደክም ውሃ በሰውነት ይጠራቀማል፤ እግር ያብጣል፣ ሆድ ይነፋል፣ ኋላም ሳንባ ይሞላና ትንፋሽ ያጥራል። ይህን ቀድሞ ለማወቅ በሽተኛው ጠዋት ጠዋት መመዘን አለበት። ምክሩን ለስንቱ ሰጥቻለሁ፤ ሚዛን ያለው ቤት ግን የታለ? ለእናቴ ገዝቼ ወሰድኩላት። የቤቷ ወለል ወጣ ገባ ስለሆነ ሚዛኑ ባስቀመጡት ቦታ ሁሉ ሌላ ነገር ያወራል። በኋላ በርበሬ ስትመዝንበት አገኘኋት።

አንድ ቀን ታዲያ «ይሄ መቀነት አጠረኝ» አለችኝ።

«ሲታጠብ ተኮማትሮ ይሆናል» ብያት እግሯን አየሁ። አብጧል። መቀነቱ እንደነበረ ነው፤ የሰፋው ወገቧ ነው። መድኃኒቷን አስተካክዬ ወደ ላሊበላ ስመለስ መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ ሸማኔ ነበር።

ሸማኔው መቀነቱ ጫፍ ላይ ሦስት ቀለም አስገባልኝ፤ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ጫፉ ጋ ቀይ። መቀነቱ እንደ ወትሮው ይጠመጠማል፤ ወገብ ሲሰፋ ቋጠሮው ወደ ጫፉ ይሸሻል። አረንጓዴው ላይ ካረፈ ደህና ነው፤ ቢጫ ከሆነ ደውሉልኝ፤ ቀይ ከሆነ ዛሬውኑ ኑ። ሸማኔው «ዶክተር፣ ባንዲራ ነው እንዴ የሚያስታጥቋቸው?» ብሎ ሳቀብኝ። አዲስ አበባ ማመልከቻዬን የመረመረው ሰው ደግሞ ሳይስቅ «መቀነት እኮ ድሮም ያለ ነው፤ አዲሱ ነገር ምኑ ላይ ነው?» አለኝ። ደሜ ፈላ። «ታጥቀነው ኖርን እንጂ አላነበብነውም» አልኩት። ከብዙ ምልልስ በኋላ ምስክር ወረቀቱ ተሰጠኝ።

የመጀመሪያዋ ታጣቂ እናቴ ነበረች። ጠዋት ጠዋት እደውልላታለሁ።

«የት ላይ ነው?»

«አረንጓዴው ላይ፣ ተመስገን።»

እሷን ሰምቼ ስልኩን ስዘጋ ቀኑ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ታናሽ እህቷ ሞተች። ቀብር ደርሼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ስልኩም ቀጠለ። ድምጿ ደክሟል፤ ሐዘን ነው አልኩ። ቀለሙ እንደሆነ አረንጓዴ ነው። ለአርባው ኮን ስገባ ግን ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ አገኘኋት። አንድ ነገር ተናግራ ለመጨረስ መሃል ላይ ትተነፍሳለች። ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ለካ ቁጭ ብላ ነበር የምታድረው። እጄ ቀድሞ የሄደው መቀነቱ ላይ ነው። ቋጠሮው አረንጓዴው ላይ ነበር።

ፈታሁት። የመቀነቱ ጥምጥም ገላዋ ላይ ሰርጉዶ ቀርቷል።

«ማነው እንዲህ ያጠበቀው?»

«ሴቶቹ ናቸዋ! እህቴን ቀብሬ ስገባ አስታጠቁኝ። ሐዘንተኛ ወገቧን ካላጠበቀች ትበጠስ የለም እንዴ? ከዚያ ወዲያ እኔም እንደዚያው ነው የማስረው።»

«ታዲያ አረንጓዴ ነው ስትይኝ የከረምሽው?»

«አረንጓዴው ላይ አይደል? ልዋሽሽ ኖሯል?»

አልዋሸችም። እኔም እዚያው ነው ያደግኩት፤ መርዶ ሲመጣ ጎረቤት ሮጦ የሚይዘው የሐዘንተኛዋን ወገብ እንደሆነ አውቃለሁ። ውሃ ወገብ እንደሚያሰፋ አስቤ ነበር። ሐዘን እንደሚያጠብብ ግን አላሰብኩም።

በኮንትራት መኪና በጋሸና በኩል አድርገን ስንመጣ ራሷን ትከሻዬ ላይ አስደግፌ ትንፋሿን እየሰማሁ መጣሁ። ፈራሁ። ሐኪም አይፈራም የሚል ሰው እናቱን ይዞ ያን መንገድ ይሂድና ያሳየኝ። ሆስፒታል ደርሰን ውሃ የሚያስወጣውን መርፌ ወሰደች፤ ቀስ በቀስ ትንፋሿ ረጋ። «ሹሮው ጨው የለው!» ብላ ስትቆጣ ዳነች አልኩ።

ሁለተኛው ምስክር ወረቀት የመጣው ከዚህ ነው። መቀነቱ ላይ ከውስጥ በኩል ኪስ አሰፋሁበት። ሲታሰር የሌላ ሰው መዳፍ በኪሱ ይገባል፤ ከተቋጠረ በኋላ ይወጣል። ከመዳፉ በላይ ስለማይጠብቅ፣ ያዘነችም የተደሰተችም ሴት ልኳ አንድ ይሆናል ማለት ነው። ችግሩ፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት መዳፍ ከየት ታምጣ? ከእናቴ ጋር ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ላሞቿን ለወንድሜ ትታ እኔ ጋ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት መዳፌን አስገባለሁ፣ እሷ ትቋጥራለች። «እጅሽ ሁልጊዜ በረዶ ነው» ትለኛለች። ተረኛ ሆኜ ሆስፒታል ባደርኩ ጠዋት ግድግዳ የምንጋራቸው ባልቴት መጥተው እጃቸውን ይሰጧታል። «የሳቸው ይሞቃል» ብላ ታበሽቀኛለች። አንዳንዴ መቀነቱ ከታሰረም በኋላ እጄን ቶሎ አላወጣም ነበር፤ ሆዷ ሲተነፍስ መዳፌ ላይ ይሰማኛል።

ክረምቱ አልፎ ሌላ ክረምት መጣ። ባለፈው ጥር ልቧ አቆመ። ቋጠሮው ወደ ቀዩ ሲሄድ ሁለታችንም እያየን ነበር፤ መድኃኒቱም የሚችለውን ያህል ሠርቶ ጨርሷል። እሷም «በቃ፣ አትልፊ፣ እረፊ» ብላኝ ነበር።

ከቀብር ስንመለስ ሴቶቹ ከበቡኝ። ባልቴቷ የእናቴን መቀነት አምጥተው ወገቤ ላይ ጠመጠሙልኝ። ከመቋጠራቸው በፊት እንደለመዱት መዳፋቸውን ከሥሩ አስገቡ።

«እጅዎን ያውጡት» አልኳቸው። «ያጥብቁት።»