ከመምህር ልመንህ የመጣ ሐሳብ

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ውስጥ ስለ ልቦለድ እንጨቃጨቃለን። ሱቅ ስል የልብስ ስፌት ቤት ማለቴ ነው፤ ንፋስ መውጫ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ጥቂት በርጩማ። መጽሐፉ ሁልጊዜ አንድ ነው። ፈንታ ባሕር ዳር ሲወርድ ይገዛዋል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ሁላችንም ስንጨርሰው ተገናኝተን እንበላላበታለን። ፈንታ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ስማዳ ገጠር ለገጠር ሲዞር ሰንብቶ ጭቃውን ሳያራግፍ ይመጣል። እንየው ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሰው እየጠበቀ ባጃጁ ውስጥ ስለሚያነብ መጽሐፉ ከሱ እጅ ሲመለስ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። እኔ አዚዛ ነኝ። ደራሲ ሲያንዛዛ አልወድም፣ ሰውም ሲያንዛዛ አልወድም፤ ይህን የሚያውቅ ሁሉ ከኔ ጋር ባጭሩ ነው የሚያወራው።

አራተኛዋ ዝናሽ ናት። ይህን ወሬ ያመጣሁትም በሷ ምክንያት ነው። እሷ ግን በአንባቢነት አልነበረም የምትመጣው። አንባቢው ባሏ ናቸው፣ መምህር ልመንህ። ቅዳሜያችንን የጀመሩት እሳቸው ናቸው፤ ፈንታንም እንየውንም አማርኛ አስተምረዋል። ልጅነታቸውን እዚሁ አገራችን ቤተ ልሔም ደብር ዜማ ሲማሩ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ከመጽሐፍ አንድ ገጽ ሲያነቡልን ደንበኛ እንኳ ልብሱን መጠየቅ ትቶ በሩ ላይ ይቆም ነበር። ኋላ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው፣ ምላሳቸውም ተሳሰረ። ይናገራሉ፤ የሚናገሩት ግን ከዝናሽ በቀር ለማንም አይገባም። እኔ ጆሮዬን አፋቸው ላይ ደቅኜ ሞክሬያለሁ። ጎርፍ ድንጋይ ሲያንከባልል የሰማሁ ያህል ነው የሆነብኝ።

ስለዚህ ዝናሽ መጽሐፉን ማታ ማታ ታነብላቸዋለች፣ ቅዳሜ ሐሳባቸውን ይዛልን ትመጣለች። ጉልት ላይ ድንችና ሽንኩርት ስትሸጥ ውላ፣ የተረፈውን በማዳበሪያ አዝላ ትገባና በርጩማ ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች። ተራዋ ሲደርስ "እሳቸው እንዲህ ይላሉ" ብላ ትጀምራለች። ቤት ውስጥ "አንተ" ነው የምትላቸው፣ እኛ ፊት ግን አንድም ቀን "እሱ" ብላ አታውቅም። ተናግራ ስትጨርስ ግድግዳውን ትደገፋለች፣ ወዲያው ዓይኗ ይከደናል። እንየው እየጮኸ እንኳ እንቅልፍ ሲጥላት ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ምን ታድርግ። ሌሊት እየተነሳች ታገላብጣቸዋለች፣ ጎናቸው እንዳይቆስል። መምህር ልመንህ ደግሞ በሬ የሚያህሉ ሰው ናቸው። ሲነጋ አጥባ፣ አብልታ፣ ውኃ ቀድታ፣ ጉልት ትወጣለች፤ እኩለ ቀን ላይ ተመልሳ ደግሞ እንደገና ማጠብ፣ እንደገና ማብላት። ያለቻቸው አንዲት ልጅ እስቴ ተድራ የራሷን ፍዳ እያየች ነው። ዝናሽ ይህን ሁሉ አውርታልን አታውቅም፤ ጎረቤት ነኝና አያለሁ። ደህና ነሽ ወይ ስትባል "ተመስገን" ትላለች፣ አለቀ። እኛም "መምህር ምን አሉ?" እንጂ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ብለን ጠይቀናት አናውቅም። ሐሳቡን እንቀበላለን፣ "ሰላም በይልን" እንላታለን፣ ማዳበሪያዋን አዝላ ትሄዳለች።

በዚህ ክረምት የያዝነው ልቦለድ ስለ አንዲት የወታደር ሚስት ነው። ባሏ ዘምቶ ድምፁ ይጠፋል። እሷ መሬቱን ታሳርሳለች፣ ታጭዳለች፣ እናቱን አስታማ ትቀብራለች። ብዙ ዓመት ቆይቶ ሰውየው ደህና ሆኖ ይመጣል፤ አገር ይደሰታል፣ ድግስ ይደገሳል። ድግሱ ሲያልቅ አንድ ቀን ማለዳ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ትሄዳለች። መጽሐፉም እዚያው ላይ ያልቃል።

እንየው ገና ሳይቀመጥ ጀመረ። "ጨካኝ ናት። ሲጠፋ ጠብቃ ሲመጣ ትሄዳለች? ይኼ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"ጥፋቱ የደራሲው ነው" አለ ፈንታ። "መጨረሻውን ሳያበስል ነው ያወጣው። ለምን እንደሄደች ምክንያት አልሰጠንም።"

እኔ ሌላ ሰው ይዛ ነው አልኩ፤ ደራሲው አፍሮ ነው የደበቀን። ሳቁብኝ፣ ይሳቁ።

ተራው የዝናሽ ሆነ። ኋላ ጣቶቿን እያየች፣ "እሳቸው ጨካኝ አይደለችም ይላሉ" አለች። "ደክሟት ነው ይላሉ። መጽሐፉ ውስጥ ስታሳርስ አለ፣ ስታጭድ አለ፣ ስታስታምም አለ። ደራሲው ግን አንድ ቦታ ላይ እንኳ አላስተኛትም። ያን ሁሉ ዘመን የቆመችው ቤቱን የሚይዝ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። ሰውየው ሲመጣ ቤቱ ሰው አገኘ፣ እሷም ሄደች። ስለጠላችው አይደለም ይላሉ።"

እኔ መቀሴን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያነበብኩት መጽሐፍ ሌላ፣ እሷ የምታወራው መጽሐፍ ሌላ መሰለኝ። ፈንታ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ "የመምህር አእምሮ ይኸው እንዳለ ነው" አለ። "ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንሄዳለን። ይህንን ከራሳቸው አፍ መስማት አለብኝ፤ እትዬ ዝናሽ፣ እርስዎ ይተረጉሙልናል።" እንየውም ባጃጁን አወጣለሁ አለ። ዝናሽ ፊቷ አመድ መሰለ፣ እነሱ ግን አላዩዋትም።

ሲወጡ ቀረች። ማዳበሪያዋን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

"አዚዛ፣ ያ ቃል የሱ አይደለም" አለችኝ።

"የማን ነው ታዲያ?"

"የኔ ነው። እሱማ አንብቤ ስጨርስለት 'ከሐዲ' ነው ያላት። ተቆጥቶ ራቱንም አልበላ።"

"እና ምን ያስፈራሻል? ለምን ዋሸሽ ብለው አይገድሉሽ።"

"ውሸቱ አይደለም የጨነቀኝ" አለች። "ያን ነገር ከሰማ ከማን አፍ እንደወጣ ያውቀዋል። ሸክም ሆንኩባት እያለ ነው ተኝቶ የሚውለው። አንዴ ወደ ልጃችን ላኪኝ ብሎ እህል አልቀምስም ብሎኝ ነበር። አሁን ይህን ሲሰማ ልትሄድ ነው ይላል። እኔ የትም አልሄድም። ደክሞኛል ማለትና እሄዳለሁ ማለት አንድ ነው እንዴ?"

እኔ ደግሞ ሲጨንቀኝ ንዴት ነው የሚቀናኝ። "ተርጓሚዋ አንቺ አይደለሽ?" አልኳት። "እሳቸው የፈለጉትን ይበሉ፣ አንቺ የሚመችሽን ንገሪን። ማን ያውቅብሻል?"

"እሱ ይሰማኛል እኮ" አለች። "ጆሮው ደህና ነው።"

እሁድ እየዘነበ ሄድን። መምህር መስኮቱ ሥር ትራስ ተደርድሮላቸው ቀና ብለው ተቀምጠዋል፤ ጢማቸው ተላጭቷል፣ አንሶላቸው ንጹሕ ነው። ስኳርና ብርቱካናችንን አስቀመጥን። ፈንታን መንገድ ላይ ነገሩን ቀስ አድርገህ ያዘው ብዬው ነበር፤ የሰማኝም መስሎኝ ነበር። ገና ሻይ ሳይቀርብ፣ "መምህር፣ ትናንት የላኩልን ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ" ብሎ ጀመረና ዝናሽ ያለችውን ከአፍ እስከ ገደፉ ደገመው። ደክሟት ነው ያሉት፣ አላስተኛትም ያሉት፣ አንድም አላስቀረ። እኔ ሳልኩ። እግሩንም ረገጥኩት። ይቅርታ ብሎኝ ቀጠለ።

መምህር ዓይናቸውን ከፈንታ ላይ አንስተው ወደ ዝናሽ አዞሩ። እሷ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘች ጓዳው በር ላይ ቆማለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከዚያ ተናገሩ፣ ረዘም አድርገው፣ የአንገታቸው ሥር እስኪገታተር።

"ምን አሉ?" አለ ፈንታ።

ትዋሽ ብዬ አላህን ለመንኩ። ለውሸት ዱዓ ይደረጋል? እኔ አደረግኩ።

ዝናሽ ብርጭቆውን አስቀመጠች። "'ይህን እኔ አላልኩም' ይላሉ" አለች። "'እኔ ሴትዮዋን ከሐዲ ነው ያልኳት' ይላሉ። 'ይህ ቃል የዝናሽ ነው' ይላሉ።"

ፈንታና እንየው ተያዩ። መምህር እንደገና ተናገሩ፣ አሁን ዝግ ብለው። ዝናሽ ልትተረጉም አፏን ከፈተች፣ ቃል አልወጣትም። እንየው ምስኪኑ "ምን አሉ?" አለ፤ ባጃጅ ሲነዳም እንዲሁ ነው፣ መንገዱ ሲያልቅ አይታወቀውም።

ያን ጊዜ መምህር በግራ እጃቸው አገጫቸውን ያዙ፣ መንጋጋቸው እንዳይከዳቸው ነው መሰለኝ። እኛን እያዩ፣ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው እየገፉ አንዲት ቃል ብቻ አወጡ።

"ደክሟታል።"

ተርጓሚ አላስፈለገንም። ሁላችንም ሰማን።

"አንተ፣ እኔ የትም አልሄድም" አለች ዝናሽ። እኛ ፊት አንተ ስትላቸው የመጀመሪያዋ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። በደህናው እጃቸው ጀርባዋን ይዳብሱ ጀመር። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

የሚቀጥለው ቅዳሜ እነሱ ቤት ሆነ። ፈንታ አዲሱን መጽሐፍ ለመምህር ሊያነብ፣ እንየው መምህርን ሊያገላብጥ፣ እኔ ሾርባ ልሠራ ተከፋፈልን፤ ሾርባው ጨው በዛበት፣ ይቅር። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዤ ነው የሰነበትኩት። ዝናሽ በርጩማዋ ላይ ቁጭ እንዳለች "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ልላት ነው። የስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ ሳይቀር ተለማምጄዋለሁ። እሷ ግን ሰላም አለችን፣ የመምህርን ብርድ ልብስ አስተካከለች፣ "ትንሽ ጋደም ልበል" ብላ ጓዳ ገባች። ወዲያው ማንኮራፋቷ ተሰማ።

በሹክሹክታ ተጨቃጨቅን። እኔ በሹክሹክታ ስጨቃጨቅ ያየ ሰው ቢኖር አያምንም። የመምህር ተራ ሲደርስ ዓይናቸው በራ። ተናገሩ፣ ብዙ ተናገሩ፣ መሐል ላይ ሳቁም። ከመታመማቸው በፊት እንዲህ ይሆኑ የነበረው መጽሐፉን ሲወዱት ነው። እኛ ሦስታችን ከአፋቸው ላይ ዓይናችንን ሳንነቅል እስከ መጨረሻው አዳመጥን፤ አንድ ቃል አልገባንም።

እንየው ሊቀሰቅሳት ብድግ አለ። መምህር ግራ እጃቸውን አንስተው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። እንየው ተመልሶ ተቀመጠ።