ጋሽ ማሙሸትና የተቃጠለው ፊልም

ጋሽ ማሙሸት ሙዝ እንኳ ሲገዛ አንዱን ልጦ ሳያይ ሒሳብ አይሰጥም። አትክልት ተራ ያሉ ሻጮች ከሩቅ ሲያዩት «መርማሪው መጣ» ይባባላሉ። አይከፋውም። መርካቶ ውስጥ ኖሮ ያልተታለለ ሰው ካለ፣ ምንም ገዝቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው ይላል።

ሥራው ፎቶ ማንሳት ነው። ሰርግም ክርስትናም ያነሳል፤ ስሙን ያስጠራው ግን አብነት አካባቢ እሁድ እሁድ የሚደረገው የሰፈር ኳስ ነው። ከጎሉ ጀርባ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ የሩሲያ ካሜራውን ጉልበቱ ላይ ያሳርፍና ጊዜውን ጠብቆ አንዴ ብቻ ይጫናል። ፊልም እንደ ጥይት ነው፤ አይባክንም። ሲሳካለት ኳሷን መረብ ላይ ይይዛታል። ሳይሳካለት ሲቀር፣ ተጫዋቾቹ ፎቷቸውን ሊወስዱ ሲመጡ አንገቱን ደፍቶ «ፊልሙ ተቃጠለ» ይላቸዋል። ፊልም ብርሃን ከገባበት እንደሚበላሽ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ደግሞ ሊያጣራ አይችልም። ብቻ የጋሽ ማሙሸት ፊልም የሚቃጠለው ጎሉ ላይ ሲደርስ ብቻ መሆኑን ልጆቹ ካስተዋሉ ቆይተዋል።

ሚሊኒየሙ በገባ ዓመት ኤሌክትሮኒክስ ነጋዴው ሱፍያን ዲጂታል ካሜራ ከነረዥም ሌንሱ ከካርቶን አወጣለት። ለኳስ የሚሆን ነው አለው። ማሙሸት አገላበጠው፣ አሸተተው፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀው።

«ፎርጅድ ነው?»

«ጋሽ ማሙሸት፣ ሰላም እንኳን ሳይሉኝ!»

«ሰላም። ፎርጅድ ነው?»

ሱፍያን ሳቀ። «እሁድ ይሞክሩት። ካልተስማማዎት ሰኞ ይመልሱልኛል። ከተስማማዎት አሮጌዎን በዋጋው ላይ አስቤ እወስደዋለሁ። እስከዚያ ግን መያዣ ይተዉልኝ።»

ማሙሸት አመነታ። አሮጌው ካሜራ ውስጥ ያላለቀ ፊልም አለ። የምን አለሽ ተራው በረኛ ጃፋር በግማሽ ፍጻሜው ፍጹም ቅጣት ምት ሲያድን ያነሳው እዚያ ውስጥ ነው። ያን ቀን ደግሞ አልሳተውም። በእርግጠኝነት አልሳተውም። ፊልሙ ሳያልቅ ማውጣቱ ብክነት መሰለው፤ ስለ ፊልሙ ለሱፍያን መንገር ደግሞ የባሰ ሞኝነት። አሳጥቦ ራሱ ለጃፋር ቢሸጥለትስ? ዝም ብሎ ካሜራውን ሰጠው። እንዳይለወጥበት ብቻ፣ ሱፍያን ዘወር ሲል በምስማር ጫፍ ጫር አድርጎ ምልክት አደረገበት።

እሁድ የፍጻሜው ጨዋታ ነበር፤ አትክልት ተራ ከምን አለሽ ተራ። ሱፍያንም ሜዳው ዳር ቆሟል። ኳስ አይወድም፤ ካሜራውን ሊጠብቅ ነው የመጣው። በመጀመሪያው አጋማሽ ምን አለሽ ተራ ሲያገባ ማሙሸት ተጫነ። ልጆቹ ደስታቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ከበቡት።

«ያሳዩን! ያሳዩን!»

እንደዚህ ብሎት የሚያውቅ ሰው የለም። ስክሪኑ ላይ መረቡ አለ፣ የወደቀው በረኛ አለ፣ ኳስ የለም።

«ኳሷን የት አደረሷት?»

«ጋሽ ማሙሸት፣ ይሄም ተቃጠለ እንዴ?»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ማሙሸት ወደ ሱፍያን ዞረ። «ፎርጅድ ነው ብዬህ ነበር!»

«ግማሽ ድረስ ተጭነው ይጠብቁ። መጀመሪያ እሱ ያነጣጥራል፣ ከዚያ ነው የሚያነሳው።»

«አንተ እኔን ፎቶ ማንሳት ልታስተምረኝ ነው?»

«እኔ ሳልሆን አብሮት ያለው ወረቀት ነው የሚለው።»

በሁለተኛው አጋማሽ ግማሽ ድረስ ተጭኖ ትንፋሹን ያዘ። የምን አለሽ ተራው አጥቂ በቴስታ ሲገጫት ጨርሶ ተጫነ። ኳሷ መረቡን ወጥራ፣ ከአጥቂው ግንባር የተረጨው ላብ ጠብታው እየተቆጠረ፣ ሁሉም ስክሪኑ ላይ አለ። ማሙሸት ውስጡ የተደበቀ ሰው ያለ ይመስል ካሜራውን ገልብጦ አየው።

ጨዋታው ሲያልቅ ጃፋር ጓንቱን እያወለቀ መጣ።

«ይሄስ ጥሩ ነው። የኔ ፍጹም ቅጣት ምትስ?»

«አለ። አሮጌው ውስጥ ነው፣ ፊልሙ አላለቀም።»

«እንዳይቃጠል ብቻ።»

«ጊዮርጊስን! ኳሷ ጣትህ ጫፍ ላይ እያለች ነው የያዝኩህ።»

«እስቲ እናያለን። ከዘይት ቆርቆሮ ፍሬም ሠርቼለት ሱቄ ውስጥ ሰቅያለሁ። ይሄ ከተቃጠለ ግን ጋሽ ማሙሸት፣ ሁለተኛ እኔ ጎል ጀርባ አይቀመጡም።»

ሰኞ ማሙሸት አዲሱን ካሜራ ሊገዛ፣ ፊልሙን ሊያወጣ ሱፍያን ሱቅ ሄደ። አሮጌው ካሜራ መደርደሪያው ላይ ነው። ምልክቱ አለ። ጀርባው ግን ክፍት ነው፤ ፊልሙ ተጎልጉሎ እንደ አንጀት ተንጠልጥሏል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ውስጡን ላጣራ ከፍቼው ነው። ፊልም አለው ብለው መች ነገሩኝ?»

«ለምን እነግርሃለሁ? አሳጥበህ ለጃፋር ልትሸጥለት?»

«እኔም ባዶ ቀፎ አስይዘውኝ ይሆናል ብዬ ነዋ የከፈትኩት!»

ተፋጠጡ።

«ና፣ አብረን ሄደን አንተ ለጃፋር ንገረው» አለ ማሙሸት በመጨረሻ።

«እኔን ያምነኛል? ተመካክረው መጡ ነው የሚለው።»

ማሙሸት ትንሽ አሰበና የተከፈተውን ካሜራ ከነፊልሙ ሱፍያንን አስይዞ በአዲሱ አነሳው። ግማሽ ድረስ ተጭኖ፣ ጠብቆ። ከዚያ ፊልሙን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ምን አለሽ ተራ ወረደ።

ጃፋር ምድጃ እየቀጠቀጠ ነበር። ሲያየው መዶሻውን አስቀመጠ።

«ተቃጠለ» አለው ማሙሸት።

ዙሪያውን ያሉት ቀጥቃጮች ሥራቸውን ትተው ሳቁ። ጃፋር አልሳቀም። ማሙሸት ስክሪኑን አሳየው፤ ሱፍያን፣ ካሜራው፣ የተጎለጎለው ፊልም፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። ጃፋር ረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄ የኔ ፊልም መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ማሙሸትም ቢሆን የሚጠይቀው ይሄንኑ ነበር። ፊልሙን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው።

ጃፋር እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ተቀበለው። ፊልሙን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ቀስ እያለ ተመለከተው፤ አንድም ምስል የለበትም። ከኋላው በምስማር የተሰቀለው ፍሬም ውስጥ የግድግዳው ቆርቆሮ ብቻ ይታይ ነበር።