በእንቅፋት ሥር የተለጠፈች ወረቀት

ሀዋሳ ፒያሳ፣ ከሥሩ የጫማ መደብር ከላዩ የጥርስ ክሊኒክ ባለበት ፎቅ ውስጥ፣ ደስታነሽ የምትባል የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሴት ትሠራለች። በወጣትነቷ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ደብዳቤ ስትተይብ የአለቆቿን ስሕተት ሳትጠየቅ ታርም ነበር፤ አለቆቿም ይህን ጠባይዋን አንዳንዴ ይወዱላት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይጠሉባት ነበር። በኋላ አቶ ግዛቸው ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ሲከፍቱ «ልጆቹ የሠሩትን የሚፈትሽ ሰው ያስፈልገኛል» ብለው ወሰዷት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚያ ቢሮ የሚወጣ ሥራ ሁሉ የሚያልፈው በአንድ ጥያቄ ነበር፦ «ደስታነሽ አይታዋለች?» አይታዋለች ከተባለ ነገሩ አበቃ።

ይህች ሴት እንግዲህ ደህና አድርጋ ማየት ካቆመች ስምንት ወር ሆኗት ነበር። ጨርሳ አልታወረችም። ነገር ሁሉ ስስ ወተት የፈሰሰበት መሰላት እንጂ። ባጃጁ ይታያታል፣ የሹፌሩ ፊት ግን የለም። እናቷ በዚሁ ዕድሜ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው መንገደኛውን በኮቴው ሲለዩ ኖረው አልፈዋል። ደስታነሽ ያንን ደጃፍ በደንብ ታውቀዋለች። ባልም ልጅም የላትም፤ እንጀራዋም ስሟም ዓይኗ ነው። ስለዚህ ዝም አለች። ሐኪም ዘንድም አልሄደችም፤ ስሙ ያልተነገረ በሽታ እንደሌለ ይቆጠራል ብላ ራሷን አታለለች። ሞኝነት ነው፤ ግን ስንቶቻችን እንዲህ አላደረግንም?

ኢዮስያስ የመጣው በዚህ መሐል ነው። አዲስ አበባ የተማረ፣ ሠላሳ ያልሞላው፣ ፈገግታ የማይለየው ልጅ ነው። አቶ ግዛቸው ያስመጡት ሥራቸው ስለተጓተተ ነበር። ድርጅቱ ለጤና ጣቢያዎች የሕፃናትን መድኃኒት መጠን የሚያሰላ ፕሮግራም ይሠራል፤ ነርሷ የልጁን ክብደት ስታስገባ ስንት ሚሊ ሊትር እንደምትሰጥ ይነግራታል። ኢዮስያስ ይዞት የመጣው አሠራር አጃይል ይባላል። በጥቅል ዕቅድ ዓመት ከመጠበቅ፣ ሥራውን በሁለት በሁለት ሳምንት እየቆራረጡ መሥራት፣ ለተጠቃሚው ቶሎ ቶሎ ማሳየት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ችግርን ሳይደብቁ በጊዜው መናገር ነው።

ግድግዳው ላይ ነጭ ሰሌዳ ሰቀለ፤ በአራት ከፈለውና «የሚሠራ»፣ «በሥራ ላይ»፣ «እንቅፋት»፣ «ያለቀ» ብሎ ጻፈበት። እያንዳንዱ ሥራ በቢጫ ተለጣፊ ወረቀት ተጽፎ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት ሁሉም በክብ ቆመው ሦስት ጥያቄ ይመልሳሉ፦ ትናንት ምን ሠራህ? ዛሬ ምን ትሠራለህ? እንቅፋት የሆነብህ ነገር አለ?

ችግሩ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነበር። እኛ አገር ሰው እንዴት ነህ ሲባል ሆዱን ይዞ እያቃሰተም ደህና ነኝ ነው የሚለው። ጥያቄዋ ለእነሱ ጆሮ የጠዋት ሰላምታ ሆነች። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ፊልሞን «የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ገጾቹን የምታዘጋጀው ታቢታ «የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ደስታነሽም እንዲሁ። አቶ ግዛቸውም ጃኬታቸውን እየቆለፉ እንዲሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በእንቅፋት ሥር አንዲት ወረቀት አልተለጠፈችም።

«እንደ እናንተ ዕድለኛ ሰዎች አይቼ አላውቅም» አለ ኢዮስያስ። ያን ቀን ፈገግታው ትንሽ ቀንሶ ነበር።

የቢሮው ቁልፍ ደስታነሽ ዘንድ ነው። የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷ ናት። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከፍታ ስትገባ በእንቅፋት ሥር ቢጫ ነገር አየች። ማታ ስትዘጋ አልነበረም። አፍንጫዋ ሰሌዳውን እስኪነካ ቀረበች፤ ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ተርመሰመሱባት እንጂ አልተነበቡላትም።

ፊልሞን ሲገባ እየሳቀ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «ሁለት ሕፃናት አንድ ዓይነት ስም ካላቸው ፕሮግራሙ ያደባልቃቸዋል። ካወቅሁት ሦስት ሳምንት ሆነኝ።» ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ።

«ጽሕፈቱ የኔ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ግን እኔ አልጻፍኩትም።»

ነገሩ ሲታይ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ፊልሞን ያውቅ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሁለተኛዋ ወረቀት መጣች፦ «የተሰጠኝ ሥራ ከጅምሩ አልገባኝም፤ መጠየቅ አፍሬ ነው።» ጽሕፈቱ የታቢታ ነበር፤ «ታ»ን እግሯን ጠምዝዛ የምትጽፍ ሌላ ሰው የለም። ታቢታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የሚቀጥለው ሰኞ ተራው የአቶ ግዛቸው ሆነ፦ «ሥራው ያልቅ እንደሆነ ሳልጠይቅ፣ በሚቀጥለው ሰኞ እናስረክባለን ብዬ ለጤና ጣቢያዎቹ ቃል ሰጥቻለሁ። ለልጆቹ አልነገርኳቸውም።» አቶ ግዛቸው ወረቀቷን ለሁለት ቀደው ኪሳቸው ከተቱና «ይሄ ቀልድ ይብቃ» አሉ። በማግስቱ ወረቀቷ እዚያው ቦታዋ ላይ ነበረች፤ አልተቀደደችም፣ አልተጨማደደችም። የቀደዷቸው ሁለት ቁራጮች ግን አሁንም ኪሳቸው ውስጥ ነበሩ። አውጥተው ከወረቀቷ ጋር አስተያዩዋቸው።

ኢዮስያስ ደስታነሽን ወደ ኮሪደሩ ጠራት።

«እትዬ ደስታ፣ አይቆጡኝና፣ ወረቀቶቹን የሚለጥፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ?»

«ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ነው። የሁላችንንም ስሕተት የሚያዩት እርስዎ ነዎት።»

ማስተባበያ ነበራት። እንኳን ልጽፋቸው ማንበብም አልችልም ብትል ነፃ ትወጣ ነበር። ግን ማስተባበያዋ ራሱ የምትደብቀው ነገር ነው። «የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ያልተጠየቀችውን እንደመለሰች የገባት ወደ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው። በኮሪደሩ መስኮት ማዶ፣ ጣራ ላይ፣ አንድ አባ ኮዳ ራሰ በራውን አንገቱ ውስጥ ቀብሮ ቆሞ ነበር። ሐይቁ ዳር የለመደችው ወፍ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን ሲጠብቃት የዋለ መሰላት።

ረቡዕ ከሰዓት ፊልሞን የመጨረሻውን ገጽ አመጣላት፤ የመድኃኒቱ መጠን የሚወጣበትን። ሰኞ ጤና ጣቢያዎቹ የሚሠሩበት ይኸው ነው። አሥራ አንድ ኪሎ ብላ አስገባች። በትልቁ ሁለት ቁጥር ወጣ፤ ሁለት እና አምስት። በመሐላቸው ነጥብ ይኑር አይኑር አልታያትም። ነጥብ ካለ ሁለት ተኩል ነው። ከሌለ ሃያ አምስት ነው፤ ዐሥር እጥፍ፣ ላንዲት ሕፃን። ፊደሉን ማጉላት ይቻል ነበር። ፊልሞን ግን አጠገቧ ቆሞ ፊቷን ያያል፤ አሥራ አንድ ዓመት አጉልታ አታውቅም።

«አዩት፣ እትዬ ደስታ?»

«አይቼዋለሁ» አለች።

ፊልሞን ጠንቃቃ ልጅ ነው፣ ነጥቡ አይቀርም እያለች ራሷን ስታባብል አመሸች። ሐሙስ ጠዋት በእንቅፋት ሥር ምንም አልነበረም። ተንፈስ አለች፤ ምሳም በላች።

ዓርብ ጠዋት ቁልፉን አዙራ በሩን ስትገፋ፣ ገና ከደጃፉ፣ ቢጫዋ ታየቻት።

ሌሎቹ አንድ በአንድ መጡ። እያንዳንዳቸው ገቡ፣ ሰሌዳውን አዩ፣ ክቡ ውስጥ ቦታቸውን ያዙ። የሚያነብ ጠፋ። ታቢታ ወለሉን ታያለች። ፊልሞን አውራ ጣቱን ይነክሳል። አቶ ግዛቸው ጃኬታቸውን ይቆልፋሉ፣ መልሰው ይፈታሉ። ደስታነሽ ፊታቸውን ባታይም ዝምታቸው በቂዋ ነበር፤ አንብበውታል፣ አፍረውልኛል አለች በልቧ። ኢዮስያስ በሷ ጀመረ። ትናንት የሠራችውን ተናገረች። ዛሬ የምትሠራውን ተናገረች።

«እንቅፋት የሆነብዎት ነገር አለ?»

የለም የምትለዋ ቃል ከንፈሯ ላይ ደርሳ ነበር። ነጭ ወተት የፈሰሰበትን ክፍል አየች፤ የእናቷን ደጃፍ አየች፤ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ አፏን በማንኪያ ስትከፍትላት አየች።

«አለ» አለች። «እናንተ አንብባችሁታል፤ እኔ ማንበብ አልችልም። ዓይኔ ካመመኝ ስምንት ወር ሆነኝ። የመጠኑን ገጽ አይቼዋለሁ ያልኩት ውሸት ነው። ነጥብ ይኑርበት አይኑርበት አላየሁም። እባካችሁ ሰኞ እንዳይሄድ።»

ከዚያ ታቢታ መጥታ ክንዷን ያዘቻት።

«እትዬ ደስታ» አለች። «ወረቀቷ ባዶ ናት። ምንም አልተጻፈባትም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አላችሁ?»

«እየጠበቅናት ነበር» አለ ኢዮስያስ። «ወረቀቷ የኔን ምሥጢር ልታወጣ ነው ብለን፣ ሁላችንም።»

ፊልሞን ወደ ኮምፒውተሩ ሮጠ። አሥራ አንድ ኪሎ አስገባ። ሃያ አምስት። ገጹን መጨረሻ ላይ ሲያሻሽለው ከአሥራ ሁለት ኪሎ በታች ላሉት ሁሉ ነጥቡ ወድቆ ነበር። የለመደች ነርስ ትጠራጠር ይሆናል፤ አዲሷ ግን፣ በገበያ ቀን፣ ወረፋው ውጭ ድረስ ተሰልፎ፣ ምን ታውቃለች? ፊልሞን ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። አቶ ግዛቸው ስልካቸውን አንሥተው ሰኞ እንደማይሆን ተናገሩ፤ ከዚያ ወደ ደስታነሽ ዞረው «ዓይንሽን ታከሚና ነይ። ወንበርሽን የሚነካ የለም» አሏት።

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አላት፤ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ኦፕራሲዮን። ደስታነሽ የእናቷ አሥራ ሁለት ዓመት ትዝ ብሏት፣ የሐኪም ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አምርራ አለቀሰች።

ከዚያ ዓርብ ወዲህ ማንም ያልጻፋት ወረቀት መጥታ አታውቅም። መምጣትም አላስፈለጋት፤ አሁን በእንቅፋት ሥር ቦታ እስኪጠፋ ሁሉም በገዛ እጁ ይለጥፋል። ባዶዋን ወረቀት ደስታነሽ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አኑራት ነበር። የዓይኗ ፋሻ በተፈታ በሦስተኛው ቀን ስትገልጥ አገኘቻት፤ ባዶ አልነበረችም። በራሷ ጽሕፈት፣ በዚያ ቀጥ ባለው የታይፒስት እጅ፣ እንዲህ ይላል፦ «ሳምሪ፣ አሥራ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ።» ሳምሪ የምትባል ሰው አታውቅም። ለታቢታ አሳየቻት። ታቢታ አገላብጣ አየችና «አሁንም ባዶ ናት እኮ፣ እትዬ» አለች።

ከወር በኋላ ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምር፣ ኢዮስያስ ተጠቃሚው ዘንድ ሄደን እንይ ብሎ ሁሉንም ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። ወረፋው ውጭ ድረስ ነበር። ነርሷ ገና ልጅ ናት፤ ሥራ ከጀመረች ሳምንቷ።

«ሳምሪ!» ብላ ተጣራች።

አንዲት እናት ትኩሳት ያደከማትን ሕፃን ታቅፋ ገባች። ሚዛኑ ላይ አስቀመጧት። «አሥራ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ» አለች ነርሷ፣ ቁጥሩን እያስገባች። ደስታነሽ የበሩን መቃን ያዘች። ነርሷ ስክሪኑን አይታ፣ እንግዶቹን አይታ፣ «ይሄ ልክ ነው?» አለች።

ደስታነሽ ሄዳ ጎንበስ አለች። ሁለት። ነጥብ። አምስት። ነጥቡ ጥቁርና ድብልብል ነበር።

«አይቼዋለሁ» አለች።

ወረቀቷን ከቦርሳዋ አወጣች። ቢጫ፣ ምንም ያልተጻፈባት፣ ከመደብር እንደ ወጣች ያለች ነበረች። ነርሷ ሁለት ሚሊ ሊትር ተኩሉን ለክታ አፏ ላይ አደረገችላት። ሳምሪ ፊቷን አጨማድዳ ዋጠችና ጣራው እስኪሰነጠቅ አለቀሰች። እናትየው ይቅርታ ልትጠይቅ ዞረች። ደስታነሽ ግን ልቅሶው እስኪያልቅ እዚያው ቆማ ሰማችው።