ስም እንዳይቀያየር

የኮምፒውተር ባለሙያውን ያየሁት የሰርቨር ክፍሉን ማቀዝቀዣ ልጠግን ገብቼ ነው። የሹራቡ ክርን ተበልቷል፤ የመነጽሩ እግር በፕላስተር ተጠቅልሏል። ሠላሳ ማሽኖች ላይ ሊኑክስ የሚባለው ሶፍትዌር በራሱ እንዲጫን ትእዛዝ ሊሰጥ ነው፤ ግን አንድ ፋይል ላይ ተተክሎ የእያንዳንዱን ኔትወርክ ካርድ ስም ከመለያ ቁጥሩ ጋር ያመሳክራል።

«ወንድሜ፣ ማሽኑ ራሱ አይሰይመውም እንዴ?» አልኩት።

«ለሱ ከተውኩለት ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር አንደኛው ካርድ ሁለተኛው ነኝ ሊል ይችላል። ስሙን ከቁጥሩ ጋር ካሰርኩት ግን ንቅንቅ የለም።»

ስልኩ ጮኸ። እጁ ገመድ ስለያዘ ድምፁን ወደ ውጭ ለቀቀው።

«ማሙሽዬ፣ አንተ ነህ?» አለች አንዲት አሮጊት።

ማሙሽ ታናሽ ወንድሙ ነበር። አምና እንደቀበረው፣ እናቱም ከዚያ ወዲህ ሰው መለየት እንዳቃታት የበሩ ጥበቃ ነግሮኛል።

ዓይኑን ጨፈነ። «አቤት እማዬ።»

«ታላቅህ ምነው እንዲህ ጨከነብኝ? ድምፁን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!»

«ሥራ በዝቶበት ነው እማዬ» አላት ታላቁ ራሱ። «ይመጣል።»